የተባራሪዎቹ መሳቢያ

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኢንጂነር ራዶቫን ሽቬህሊክ የአዳራሹን ደረጃ እያለከለከ ወጥቶ የመዝገብ ክፍሉን በር ሲከፍት፣ ጸሐፊዋ ሊቡሼ ሆላስኮቫ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሊጠይቃት እንደመጣ ወዲያው ገባት። ሰውዬው እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲኖረው መላጣውን በመሐረብ የመጥረግ አመል ነበረው። ያን ዕለት አፉን ሳይከፍት ሁለቴ ጠረገ።

«ደህና ዋሉ ወይዘሮ ሊቡሼ? እህ... የመሳቢያዋን ቁልፍ ፈልጌ ነበር።»

«የቷን መሳቢያ?»

«ያቺን የተባራሪዎቹን ነዋ! ስንት መሳቢያ አለን ደግሞ?»

ሊቡሼ ብዕሯን አስቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትዞር «ስጪኝ» ያላት ሰው አልነበረም። ደግሞ ማን ይላል? መሳቢያዋ የማኅበሩ ነፍስ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊፓ ማኅበር እዚህ ቺካጎ ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ ከኮሚኒስቶቹ ያመለጡ ቼኮችና ስሎቫኮች ነበሩ። የጥበብና የዕውቀት ማኅበር ነውና ዲግሪ የሌለው አይገባም ተባለ። የኛ ሰው ለማዕረግ ያለው ፍቅር መቼም አይጣል ነው፤ ዶክተሩን ዶክተር፣ ኢንጂነሩን ኢንጂነር ሳይሉ ሰላም ማለት ከስድብ ይቆጠራል። ችግሩ ግን ከመሥራቾቹ ግማሾቹ ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው ከየዩኒቨርሲቲያቸው የተባረሩ ነበሩ። ያኔ የሊቡሼ ባል ኦቶማር ሆላሴክ (የባል ስም በኛ ወግ ለሚስት ሲሆን መጨረሻው ይለወጣል፣ ሆላስኮቫ ይሆናል) ተነሣና አንቀጽ አራትን ጻፈ፦ ዲግሪ የሌለው የተባረረበትን ደብዳቤ ያምጣ፤ ደብዳቤው ዲግሪው ነው። ዋናውን ያምጣ፣ ግልባጭ አንቀበልም። ከዚያ በኋላ አዲስ የሚገባ ሁሉ በጉባኤ መሐል ቆሞ የገዛ ማባረሪያውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ ሁሉም ተነሥቶ የፕለም አረቄውን በአንድ ጉንጭ ይገለብጣል፤ ደብዳቤው ወደ መሳቢያዋ ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ አራት ደብዳቤ ተጠራቀመ። ያኔ እንዴት ያለ ማኅበር ነበር!

ኦቶማር ራሱ የሕግ ተማሪ ነበር፤ ሁለት ፈተና ነበር የቀረው። ቺካጎ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት የአንድ ትልቅ ሕንፃ አሳንሰር ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ።

«መሳቢያዋን ለምን ፈለጓት?» አለች ሊቡሼ።

«የምሥራች ይዤልዎት ነው እንጂ! ከአገር ቤት እንግዳ ይመጣል። መንግሥቱ ተለወጠ፣ ድንበሩ ተከፈተ፤ እኛ እስከ መቼ ወረቀት ቆልፈን እንቀመጣለን? የሕግ ፋኩልቲው ዲን በአካል ይመጣል፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ። የተባረሩትን በሙሉ ማዕረጋቸውን ይመልስላቸዋል። ዶክተር! ያውም በማኅተም! አሮጌውን ደብዳቤ ይቀበላል፣ አዲሱን ይሰጣል። እኛ ደግሞ የማኅበሩን ሜዳልያ እናጠልቅለታለን።»

«ዲኑ ማን ይባላል?»

መሐረቡ እንደገና ወጣ።

«ፕሮፌሰር ሲልቬስተር ክራምፔራ።»

ሊቡሼ ቁልፉን ካንገቷ አወለቀች። መሳቢያዋን ከፍታ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ከሠላሳ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ከዚያው የሕግ ፋኩልቲ ነበሩ። በእያንዳንዱ ግርጌ የሦስት ሰው ፊርማ አለ። ሁለቱ በጥቁር ቀለም ነው። ሦስተኛው በአረንጓዴ ቀለም፣ ጅራቱን አስረዝሞ የተፈረመ፦ ሲ. ክራምፔራ።

«ይሄ ነው?» አለች፣ ጣቷን አረንጓዴው ላይ አድርጋ።

«እንግዲህ... ያኔ ልጅ ነበር እኮ ወይዘሮ ሊቡሼ። የተማሪዎቹ ተወካይ ሆኖ ነው የፈረመው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ!»

«ኦቶማርም ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።»

«ሰው ይለወጣል!»

«ምኑ ተለወጠ? ያኔ ካሸነፉት ጋር ነበር፤ ዛሬም ካሸነፉት ጋር ነው። ለመሆኑ ለእርስዎስ ምን ይዞልዎት ይመጣል?»

የኢንጂነሩ መላጣ እስከ ማጅራቱ ቀላ። «የክብር ዶክትሬት... አስበውልኛል። ለኔ ብዬ አይደለም፤ ለማኅበሩ ክብር ነው።»

ኤጭ! ይህ ሰው በየዓመቱ በመሥራቾቹ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ «አንረሳም!» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ፣ ንግግሩን በጽሕፈት መኪና የምትጽፍለት እሷ ነበረች። «አንረሳም» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደጻፈች ጣቶቿ ያውቃሉ።

ኢንጂነሩ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኦቶማርም አለ» አላት። «ዶክተር ኦቶማር ሆላሴክ ተብሎ። የመቃብር ድንጋዩ ላይ ያስቀሩትን ክፍት ቦታ አውቃለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ሰውዬው የተናገረው እውነት ነበር። ኦቶማር በሕመም አልጋው ላይ ሆኖ፣ «ያልሰጡኝን ማዕረግ ሰርቀሽ እንዳትጽፊብኝ» ብሏት ነበር። ከዚያ ሣቅ ብሎ፣ «ብቻ ከስሜ በፊት ትንሽ ቦታ ተይልኝ፣ ማን ያውቃል» አላት። ድንጋይ ጠራቢው ስሙን መሐል ላይ ላድርገው ቢላት እምቢ ብላ፣ አንድ ስንዝር ባዶ አስቀረች። በየሳምንቱ ድንጋዩን ስታጥብ ከስሙ ይልቅ ያንን ባዶ ቦታ ነበር አብዝታ የምትፈትገው።

በማግስቱ ወደ መቃብሩ ስትሄድ ሲፕሪያን ሁዳክን አብሯት እንዲመጣ ጠየቀችው። ሁዳክ ስሎቫክ ነው፤ ብራቲስላቫ ላይ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተባርሮ፣ እዚህ አርባ ዓመት ቋሊማ ሲሠራ የኖረ የኦቶማር ጓደኛ። ምላሱ ክፉ ነው፤ ልቡ ግን ደህና ነው።

የኛ ሰው በቁሙ ሳለ የመቃብር ድንጋዩን ያስቀርጻል፤ ስምና የልደት ዓመት ይጻፍና የሞቱ ዓመት ብቻ ይቀራል። የኢንጂነር ሽቬህሊክም ድንጋይ ከኦቶማር ድንጋይ ጎን ሆኖ ባለቤቱን ሲጠብቅ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁዳክ ድንጋዩ ጋ ደርሶ ቆም አለና ከት ብሎ ሣቀ።

«ነይ፣ ነይ! ነይ ጉድ እዪ!»

ከሽቬህሊክ ስም በፊት በነጭ ጠመኔ አራት ማዕዘን ተሠምሯል። ውስጡ «ዶክተር» ተብሎ ተነድፏል። ጠራቢው ለመቅረጽ ቀን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

«ሬሳው ሳይመጣ ሹመቱ መጣ!» አለ ሁዳክ። «መሞቻውን ረስቶ መጠሪያውን ያዘ። ሰው ነው ይሄ?»

ሊቡሼ ግን አልሣቀችም። ከኦቶማር ድንጋይ ፊት ተንበርክካ ቅጠሉን ትጠርጋለች።

«ሲፕሪያን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እፈልገዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። ከዚያ ሰውዬ እጅ እንደሚመጣ እያወቅኩ እፈልገዋለሁ። ይቺ ቦታ ተሞልታ ማየት አማረኝ። ራሴን ተጸየፍኩት፣ ስነግርህ።»

ሁዳክ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ፈልጊው፣ ምን አለበት» አላት። «ያ ሁሉ ጠበቃ አሳንሰሩ ውስጥ እየገባ ‹አንተ፣ ስምንተኛ ፎቅ!› ሲለው ቆሜ አይቻለሁ። ከግማሾቹ የበለጠ ሕግ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዶክተር ቢባል ማን ይጠላል? ብቻ እኔን አታማክሪኝ። እኔን ያባረረኝ ሰውዬ እግዜር ይስጠውና ሞቶልኛል፤ ከዚህ ፈተና ገላግሎኛል።»

የቀጠሮው እሑድ እኩለ ቀን ላይ አዳራሹ ጢም አለ። የተጠበሰ አሳማ፣ ዳቦ የመሰለው የኛ ክኔድሊክ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፤ ሽታው ከታች ከመንገዱ ጀምሮ ይቀበላል። ሊቡሼ መድረኩ አጠገብ በትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣለች፤ መሳቢያዋ ሙሉዋን ወጥታ ፊቷ ተደርጋለች። ባለቤቶቹ ራሳቸው ካልፈለጉት ደብዳቤውን የምትከለክለው በምን ሥልጣን ነው? ሥራዋ ስም እየጠሩ ማደል ሆነ።

ዲኑ ሲገባ ሁሉም ብድግ አለ። ፕሮፌሰር ክራምፔራ ቀጠን ያለ፣ ሽበቱን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ሽቱው ቀድሞት የሚገባ ሽማግሌ ነው። ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጇን አንሥቶ ሳማት። «እጅዎን እስማለሁ እመቤቴ!» ከንፈሩ እርጥብ ነበር። ሊቡሼ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ወስዳ ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ጠርጋም እርጥበቱ አልለቅ አላት።

ንግግሩ አጭር ነበር። «አስቸጋሪ ጊዜ ነበር» አለ ዲኑ። «ሁላችንም የዘመኑ ሰለባዎች ነን።» ሁላችንም! ሁዳክ ከጥግ ሆኖ ጮክ ብሎ አሳለ። ከዚያ ዲኑ ከቦርሳው የወረቀት ክምርና ብዕር አወጣ፤ ማኅተሙ አስቀድሞ ተመትቷል፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። የብዕሩን ክዳን ፈትቶ የመጀመሪያውን ሲፈርም ሊቡሼ አንገቷን አስግጋ አየች። አረንጓዴ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውዬው ቀለሙን እንኳ አልቀየረም።

ተሰለፉ! እነዚያ ከአገራቸው ያመለጡ፣ «ከእንግዲህ ለዳቦም አልሰለፍ» ብለው የማሉ ሰዎች፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰለፉ። በሕይወት ያሉት ዘጠኙ አባላት፣ የሞቱት አሥሩ ደግሞ በሚስቶቻቸውና በልጆቻቸው ሆነው። ሊቡሼ ስም ትጠራለች፣ አሮጌውን ደብዳቤ ትሰጣለች፤ ሰውየው ሁለት እርምጃ ሄዶ ለዲኑ ያስረክባል፤ ዲኑ አዲሱን ፈርሞ ይሰጣል፣ አሮጌውን ሳያይ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። «ደስ ይበልዎ ዶክተር!» «እግዜር ይስጥልኝ ፕሮፌሰር!» አንዱማ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሌላው ከፊቱ የቆመውን «ቶሎ በል እንጂ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል!» ብሎ ገፈተረው። ሁዳክ ቢራውን ይዞ፣ «ግፉ! ግፉ! ሳያልቅ ግቡ!» እያለ ያሾፍባቸዋል። የሰማው የለም።

ሊቡሼ መጨረሻ ላይ ቀረች። በመሳቢያዋ ውስጥ ከሕግ ፋኩልቲው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር የቀረው። ይዛ ተነሣች። ልክ ኦቶማር እንዳላት ሁሉ «ማን ያውቃል፣ ማን ያውቃል» እያለች በልቧ ሁለቱን እርምጃ ሄደች።

«የባለቤትዎ ነው?» አለ ዲኑ፣ ስሙን አየት አድርጎ። «ኦቶማር! እንዴ፣ አስታውሰዋለሁ! ግሩም ድምፅ ነበረው። ስንት ዘፍነናል አብረን!»

ኦቶማር በሕይወቱ ዘፍኖ አያውቅም። ሲያፏጭ እንኳ ውሻ ይሸሸው ነበር።

«ይኸው፣ ዶክተር ኦቶማር ሆላሴክ» አለ ዲኑ ፈርሞ። «አሮጌውን ይስጡኝ።»

«አሮጌዎቹ ምን ይደረጋሉ?»

«ይወገዳሉ፣ እመቤቴ። የተሻረ ነገር በመዝገብ አይቀመጥም። ታሪኩ ተዘጋ ማለት ነው።»

ሊቡሼ አዲሱን ወረቀት በአንድ እጇ ይዛ አነበበችው። ሠላሳ ዓመት የማኅበሩን ጽሑፍ ስታርም ኖራለችና ሳያነቡ መቀበል አይሆንላትም። ከላይ በትልቁ «ዶክተር» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «በ1949 ትምህርታቸውን በራሳቸው ፈቃድ አቋርጠው አገር ለቀው ለሄዱት የተሰጠ።»

ደግማ አነበበች። በራሳቸው ፈቃድ። ወደ አዳራሹ ዞረች። ዘጠኝ አዳዲስ ዶክተሮች ወረቀታቸውን ለጎረቤት እያሳዩ፣ ከላይ ያለችውን አንዲት ቃል ጣታቸው እየዳሰሰ፣ ክኔድሊካቸውን ይቆርጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን በማንበብ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያች ቃል ወደ ታች ዓይኑን የላከ አንድም አልነበረም።

«ማንም አላነበበውም?» አለች። ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። «እዩት! በራሳችሁ ፈቃድ ነው የሄዳችሁት ይላል! ያባረራችሁ የለም!»

ሹካዎቹ ቆሙ። አንዳንዱ መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ ቀና አለ፣ መልሶ አቀረቀረ። መጀመሪያ ያለቀሰው ሰውዬ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ደረት ኪሱ ውስጥ፣ በጥንቃቄ። ሊቡሼን ከሁሉም ያንገፈገፋት ያ አስተጣጠፉ ነበር።

«ወይዘሮ ሊቡሼ፣» አለ ኢንጂነር ሽቬህሊክ መሐረቡን እያወጣ፣ «እባክዎ፣ እንግዳ ፊት... ይሄ የጽሕፈት ቤት አጻጻፍ ነው፣ ዋናው ማዕረጉ ነው!»

ሊቡሼ አዲሱን ወረቀት ዲኑ ፊት መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ በአዳራሹ መሐል ቆማ፣ ድሮ አዲስ ገቢዎች እንደሚያደርጉት አሮጌውን ደብዳቤ ገለጠችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«‹ተማሪ ኦቶማር ሆላሴክ ለሕዝባዊው ሥርዓት ያለው አመለካከት የተበላሸ ሆኖ ስለተገኘ ከመጋቢት 14 ቀን 1949 ጀምሮ ከሕግ ፋኩልቲ ተባርሯል። ይግባኝ አይፈቀድም።› የፈረመው ሲ. ክራምፔራ።»

ጨርሳ ቆመች። ደንቡ ሁሉም ተነሥቶ ብርጭቆውን እንዲገለብጥ ነበር። አረቄው በየሰው ፊት ተቀድቷል። አንዲት ሴት እጇን ወደ ብርጭቆዋ ላከችና ባሏ ሲያያት መለሰችው። ዲኑ የብዕሩን ክዳን እያጠበቀ ፈገግ እንዳለ ነው።

ከጥግ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ሁዳክ ብቻውን ተነሣ፣ ቆሞ ገለበጠና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አጋጨው። «ለኦቶማር!» አለ። ከዚያ ዙሪያውን አየና፣ «እናንተማ ቱ!» ብሎ ባርኔጣውን አነሣ።

ኢንጂነሩ አኮርዲዮን ለሚጫወተው ሰውዬ በዓይኑ ጠቀሰው። ሙዚቃው ተጀመረ፤ ሜዳልያው ወጣ፤ ሊቡሼና ሁዳክ ደረጃውን ሲወርዱ ጭብጨባው እስከ መንገድ ተከተላቸው። የተረፉትን ደብዳቤዎች መሳቢያዋ ውስጥ ትታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላላቸው ነበር የወጣችው። አሥራ ስምንቱ በዲኑ ቦርሳ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

በሳምንቱ ድንጋይ ጠራቢው መቃብሩ ጋ ጠበቃት። እዚሁ ቺካጎ የተወለደ የኛው ሰው የልጅ ልጅ ነው። በመጀመሪያ የኢንጂነሩን ጨርሶ ነበር፤ «ዶክተር» የሚለው ቃል አዲስ ተፈልፍሎ ነጭ አቧራው አልተራገፈም።

«በሉ እትዬ ሊቡሼ፣ ለጋሽ ኦቶማርም ዶክተር ልበልላቸው?» አለ መሮውን እየሳለ። «ቦታዋ ልክ ለሱ ነው የተተወች።»

«አይ። ለዶክተር ትሆን ነበር፤ ለኔ ጽሑፍ ጠበበች። ከስሙ በታች ያለውንም ባዶ ቦታ ሁሉ ውሰድ።»

ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠችው። ልጁ በተሰባበረ ቼክኛው እየተንተባተበ አነበበ፤ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄንን? ተባረረ የሚለውን? መቃብር ላይ?»

«ከነቀኑ። ይግባኝ አይፈቀድም የሚለውንም አትርሳ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ዲግሪው ነው። ሰው የፈለገውን ይበል።»

ትከሻውን ነቀነቀና በሜትር መለካት ጀመረ። ግርጌው ላይ ሲደርስ ጣቱን ሦስተኛው ፊርማ ላይ አድርጎ ቀና አለ።

«ይህ ደግሞ ማነው? ይህም ይጻፍ?»

«እሱ በደንብ ይጻፍ» አለች ሊቡሼ። «ወረቀት ወረቀቱን ለቅሞ ሄዷል፤ ይህንን መጥቶ ይንቀለው። ፊደሉ ውስጥ ቀለም ትሞላለህ አይደል?»

«እሞላለሁ። ጥቁር ነው የምናደርገው፣ አለዚያ ወርቅማ።»

«የሌላው ሁሉ ጥቁር ይሁን» አለችው። «የሱን ስም አረንጓዴ አድርግልኝ።»